ጎንደር ላይ ፊኛ ስንት ሰዓት ይቆማል? የጥር ወር የሥራ ደብተር

ጥር 3

የእህቴ ልጅ ጥር 16 አንድ ዓመት ትደፍናለች። ዲኮሩን ትሠሪልን ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ተወስኖ ነው የተነገረኝ። ዲኮር መሥራት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ስለሆነ ማምለጫም የለኝ። ክፍያ ከሌለው አይቀር መማሪያ ላድርገው ብዬ ይህን ደብተር ከፈትኩ።

የሚያንገበግበኝ ያለፈው ሐምሌ ነው። አንድ አዳራሽ ውስጥ ለምርቃት ስልሳ የሂሊየም ፊኛ ማታ 1 ሰዓት ላይ ነፍቼ፣ ኮርኒሱን አልብሼ፣ ሪቦናቸውን ቁልቁል ለቅቄ ወደ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ስደርስ ግማሾቹ ወለል ላይ ናቸው፤ የቀሩትም ወገብ ድረስ ወርደው ሰው ባለፈ ቁጥር ይወዛወዛሉ። የተመራቂዋ አባት አንዱን በጫማቸው ጫፍ ገፋ አድርገው «የኔ ልጅ፣ እነዚህ ደግሞ ከአሁኑ ደከማቸው?» አሉኝ። ፓኬቱ ላይ «ከ18 እስከ 24 ሰዓት» ይላል። ፓኬቱ የተጻፈው ለጎንደር እንዳልሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ዛሬ የሂሊየም ሲሊንደሩ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ገባ። 10 ሊትር የሚይዝ፣ «150 ባር ሙሉ ነው» ተብሎ የተከራየሁት (ባር የግፊት መለኪያ ነው)። ሬጉሌተሩን፣ የግፊት መቆጣጠሪያውን፣ ስገጥምለት መርፌው 110 ላይ ቆመ። ላከራየኝ ሰው ደወልኩ። «የጎንደር ብርድ ነው እህቴ፣ ጋዝ ሲበርደው ይቀንሳል» አለኝ ሰውየው። እውነትነት አለው፤ ሒሳቡ ግን አይገጥምም። የታሸገ ጋዝ ግፊት የሚወጣ የሚወርደው ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ላይ ጀምረን በምንቆጥረው ሙቀት ልክ ነው። ከ25 ዲግሪ ወደ 10 ወረደ ብንል ከ298 ወደ 283 መሆኑ ነው፤ ቅናሹ 5 በመቶ። 150ው 142 ይሆናል እንጂ 110 አይሆንም። ይህንኑ ስነግረው ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሁን ሌላ፣ እሱ ነው የሚያውቀው።

ሲሊንደሩን ከበረንዳው ምሰሶ ጋር በሰንሰለት አሰርኩት። ወድቆ አንገቱ የተሰበረ ሲሊንደር ግድግዳ በስቶ ይሄዳል፤ ግቢያችን ደግሞ የልጅ መንጋ ነው።

ጥር 4

ከኩሽና ሚዛን የተሻለ ያስፈልገኝ ነበር። ፒያሳ ወርቅ ቤት ያላቸው ጎረቤታችን ጋር ሄጄ ወርቅ የሚመዝኑበትን ሚዛን እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው።

«ምን ልትመዝኚበት ነው?»

«ፊኛ ነው ጋሼ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አዩኝ። «ነገ ማታ ይመለስ» ብለው ሰጡኝ።

መጀመሪያ ያልተነፋ ባለ 12 ኢንች ፊኛ፦ አሥሩ አንድ ላይ 31 ግራም፤ አንዱ 3.1 መሆኑ ነው። ከዚያ ካርቶን ላይ 28 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ክብ ቀዳዳ ቆረጥኩና እያንዳንዱን ፊኛ በዚያ እያሾለክሁ እኩል አደረግኋቸው። በዓይን ግምት የተነፋ ፊኛ ሁለት ሴንቲ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ሙሉው ልኬት ይበላሻል።

አመዛዘኑ እንዲህ ነው። ከቀሃ ወንዝ የለቀምኩትን ድንጋይ ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለስኩ። ከዚያ ሂሊየም የሞላሁትን ፊኛ በስስ ክር ድንጋዩ ላይ አሰርኩ። ቁጥሩ ተንቀጠቀጠ፤ መስኮት ዘጋሁ፣ ማሙሽንም (የጎረቤት ልጅ ነው፣ ረዳቴ ነኝ ባይ) ትንፋሽህን ዋጥ አልኩት። ቆመ፦ ከዜሮ በታች 6.02 ግራም። ሁለተኛው 5.94፣ ሦስተኛው 6.10። እንግዲህ ጎንደር ላይ አንድ ፊኛ ተሸክሞ የሚወጣው ስድስት ግራም ነው።

አሁን ይህ ስድስት ከየት እንደመጣ። ሂሊየም ፊኛውን ወደ ላይ አይስበውም። ዘይት ውኃ ላይ የሚወጣው ውኃው ከብዶ ሥሩ እየገባ ስለሚገፋው ነው፤ ፊኛም እንዲሁ በዙሪያው ያለው አየር ነው የሚያነሳው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ፊኛው ውስጥ ምን አለ ብቻ ሳይሆን ውጭ ያለው አየር ምን ያህል ይከብዳል ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ አንድ ሊትር አየር 1.2 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሂሊየም 0.17። ልዩነቱ አንድ ግራም ከትንሽ። ጎንደር ግን ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው 78 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እዚህ አንድ ሊትር አየር 0.93 ግራም፣ ሂሊየሙም 0.13። ልዩነቱ 0.8 ነው። 28 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኳስ 11.5 ሊትር ይይዛል፤ በ0.8 ሲባዛ 9.2፣ ጎማው 3.1 ሲቀነስ ስድስት ግራም አካባቢ። ሚዛኑና ሒሳቡ ሲገናኙ ጮህኩ፤ እናቴ ከኩሽና «ምን ሆነሽ ነው?» አለች።

ያው ፊኛ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቢነፋ 8.7 ግራም ያነሳ ነበር። አየሩ እኛ ዘንድ ሲሳሳ ጎማው አብሮ አልቀለለም፤ ጅቡቲም ጎንደርም 3.1 ግራም ነው። የተጣራው ጉልበት ሲሶው የሚጎድለው በዚህ ነው።

ግን ደጋው በሌላ በኩል ይክሳል። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ እዚህ ሲወጣ የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ የበለጠ ይሰፋል። በ110 ባር የመጣልኝ 10 ሊትር ባሕር ዳርቻ 1,100 ሊትር ገደማ ቢሆን፣ እዚህ 1,400 ሊትር ያህል ነው። አንድ ሲሊንደር ስንት ፊኛ ይሞላል የሚለው ሰንጠረዥ ላይ ካለው ብዛት አንድ ሩብ ያህል ይተርፈኛል። ብዙ ፊኛ፣ እያንዳንዱ ግን ደካማ። ጠቅላላ የማንሳት ጉልበቱ ያው ነው፤ የጎማው ሸክም ነው የሚበዛው። ስለዚህ ጎንደር ላይ ትንንሽ ፊኛ በሂሊየም መሙላት ጎማ ለማንሳት ጋዝ መግዛት ነው።

ማሙሽ «ጋዙን ከየት ነው የሚያመጡት?» አለኝ። ከመሬት ሥር ነው አልኩት፤ ዩራኒየምና ቶሪየም ድንጋይ ውስጥ ቀስ እያሉ ሲፈርሱ የሚተፉት፣ ከተፈጥሮ ጋዝ ጋር ተቀላቅሎ የሚወጣ፣ ኳታር፣ አልጄሪያ፣ አሜሪካ። መጀመሪያ የታወቀው ግን ፀሐይ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ህንድ ላይ ፀሐይ ስትጋረድ ከዳርዋ በወጣው ብርሃን ውስጥ የማንም ንጥረ ነገር ያልሆነ ቢጫ መስመር ታየ፤ ስሙም ከግሪኩ «ሄሊዮስ»፣ ከፀሐይ ተወሰደ። ምድር ላይ ያገኘው ዊሊያም ራምሴ ነው፣ በ1895። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ እንደ ቀለበት የታየውን ግርዶሽ አስታወስኩት። «ያኔ እኔ ሕፃን ነበርኩ» አለኝ፣ አሁን ሽማግሌ የሆነ ይመስል።

ጥር 5

ዛሬ የጥበቃ ቀን። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ አዲስ ፊኛ ነፋሁና በየአራት ሰዓቱ መዘንኩት።

ሲነፋ፦ 6.0 ግራም
ከ4 ሰዓት በኋላ፦ 4.7
ከ8 ሰዓት በኋላ፦ 3.4
ከ12 ሰዓት በኋላ፦ 2.2

ጎን ለጎን ሁለት ሜትር ሪቦን ያሰርኩለት ሌላ ፊኛ ነበር። ሪቦኑ አንድ ግራም ነው። ያኛው ማታ 4 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከተነፋ በአሥራ አምስት ሰዓት ተኩል፣ ከኮርኒሱ ተላቆ ቀስ እያለ ወረደ። የሐምሌው አዳራሽ ምሥጢር ተፈታ። ሚዛኑን ለጋሼ የመለስኩት መሽቶ ስለነበር ይቅርታ ጠይቄ ነው።

ሰው ሁሉ የሚለው «የሂሊየም አተም ትንሽ ስለሆነ በጎማው ቀዳዳ ይወጣል» ነው። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ግማሽ እውነት ናት። በተፈጥሮ ጎማ ውስጥ ኦክስጅን ከሂሊየም ብዙም ሳይዘገይ ያልፋል፤ ናይትሮጅን ሦስት አራት እጥፍ ይዘገያል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ሞለኪውሉ ትልቅ ሆኖ ሳለ ሁሉንም ይቀድማል። ታዲያ መጠን ብቻ ቢሆን ኖሮ በአየር የተነፋ ፊኛም ከአንድ አምስተኛው ኦክስጅኑ ጋር በቶሎ መጉደል ነበረበት። አይጎድልም።

ነገሩ የሚገባው ለጥምቀት የፋሲል መዋኛን በር ላየ ነው። በአንዱ በር የሚገባውና የሚወጣው እኩል ከሆነ ግቢው ሙሉ እንደሆነ ይቆያል፤ በሩ የቱንም ያህል ቢሰፋ። በአየር የተነፋ ፊኛ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ውጭም አለ፤ ናይትሮጅኑም ውጭ አለ። የወጣውን ያህል ለማለት ይቻላል ይገባል፤ የሚጎድለው ጎማው ጨምቆ በሚፈጥረው ትንሽ ትርፍ ግፊት፣ ከመቶ ሁለት ሦስት እጅ፣ ተገፍቶ የሚወጣው ብቻ ነው። ሂሊየም ግን ውጭ የለም ማለት ይቻላል። የሚወጣ እንጂ የሚገባ የለውም። ይባስ ብሎ በእሱ ፈንታ ትንሽ አየር ሰርጎ ገብቶ ፊኛውን ያከብደዋል። ወለል ላይ የወደቀ ፊኛም ለዚህ ነው ባዶ የማይመስለው፤ ሂሊየም ገና አለው፣ ጎማውን ማንሳት ነው ያቃተው።

ጥር 8

የአየር ፊኛ። እዚህ የምጽፈው አጭር ነው ብዬ ነበር።

ሦስት በእጅ ፓምፕ፣ ሦስት በአፍ ነፍቼ ሳሎን ውስጥ ሰቀልኳቸው። ሁሉም ዙሪያቸው በልብስ ሰፊ ሜትር 88 ሴንቲ። በአፍ የነፋናቸው ቶሎ የሚቀንሱት ሦስቱ ይመስሉኛል፤ ትንፋሽ ሞቃትና እርጥብ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ከላይ እንዳልኩት በጎማ ውስጥ ይሮጣል። እናያለን።

በነገራችን ላይ «ፊኛ» የሚለው ቃል ራሱ የሽንት ከረጢት ነው። ልጅ ሳለን ለበዓል በግ ሲታረድ የምንሻማው እሱን ነበር፤ አመድ ላይ አሽተን፣ በመቃ ነፍተን፣ በክር አስረን እስኪደርቅ እንጫወትበት ነበር። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1824 ለንደን ውስጥ ለሃይድሮጅን ሙከራው ሁለት የጎማ ሉሕ ዳርና ዳሩን አጣብቆ የመጀመሪያውን የጎማ ፊኛ ሲሠራ፣ የኛው ዓይነት ለስንት ዘመን ሲነፋ እንደኖረ እንጃ።

ማሙሽ ሲነፋ ጉንጩ ቀላ። «መጀመሪያ ላይ ነው የሚከብደው፣ ከዚያ ይቀለዋል» አለኝ። ትክክል ነው፤ ለማሳየት አንዱን በትንሹ፣ አንዱን በትልቁ ነፍቼ አፋቸውን በአጭር የላስቲክ ቱቦ አገናኘሁ። እኩል ይሆናሉ ብሎ ከእህቴ ጋር ተወራረደ። ትንሹ ተጨማድዶ ትልቁ አበጠ። ትንሽ ፊኛ ውስጥ ያለው ግፊት ከትልቁ ይበልጣል፤ ጎማው በደንብ ጎብጦ ስለሚጨምቅ። ውርርዱን ማን እንደበላ አልጽፍም፤ አኩርፏል።

ጥር 9

አንድ ኪሳራ። «1» ቁጥር የሆነውን ወርቃማ ፎይል ፊኛ ለሙከራ ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ነፋሁት። ውጭው 11 ዲግሪ ነበር። አንድም መጨማደድ እስኪጠፋ ወጠርኩትና በረንዳ ላይ ተውኩት። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ስታገኘው ከታች በኩል ስፌቱ ጧ ብሎ ተተረተረ። እናቴ «በስመአብ!» ብላ የያዘችውን ረከቦት ልትለቀው ምንም አልቀራት።

ጥፋቱ የኔ ነው። ፎይል የሚባለው ፕላስቲክ ላይ በስሱ አሉሚኒየም የተቀባ ነገር ነው፤ ጋዝ አያሾልክም፣ ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚቆመውም በዚህ ነው። ግን እንደ ጎማ አይለጠጥም። ጠዋት 11፣ ቀን 27 ዲግሪ በሆነበት ከተማ ጋዙ ከአምስት በመቶ በላይ ቦታ ይጠይቃል፣ ፀሐይ ላይ ከዚያም ይብሳል። ፎይል ቦታ መስጠት አያውቅም። በብርድ የሚነፋ ፎይል ስፌቱ አካባቢ ትንሽ መጨማደድ ሊቀርለት ይገባል። ማታ ላይ ተኮማትሮ ሲታይ ደግሞ ተነፈሰ ብሎ መጨመር አይደለም፤ ጠዋት ፀሐይ ትሞላዋለች።

ክቡን ባለ 18 ኢንች ፎይልም ሞከርኩ። ራሱ 9.6 ግራም ይመዝናል፤ እዚህ አገር የሚተርፈው ሁለት ግራም ነው። ሪቦንና የስም ካርድ ሳስርለት ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እንግዲህ በአየር ተነፍቶ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

ጥር 12

ከተራ፣ ጥምቀት፣ ቃና ዘገሊላ። ሥራ የለም፤ ከተማው እግር ማስገቢያ የለውም።

አንድ ነገር ብቻ። መንገድ ላይ ፊኛ ይዞ የቆመ ልጅ ሥራዬን ሲሰማ «እኔ ዘንድ ከሂሊየም የሚረክስ አለ፣ በኬሚካል የማወጣው» አለኝ። ሃይድሮጅን ነው። ከሂሊየም የሚበልጠው ስምንት በመቶ ያህል ብቻ ማንሳት ነው፤ ዕዳው ግን እሳት ነው። ሂንደንበርግ የተባለው የጀርመን የአየር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1937 ኒው ጀርሲ ላይ ሲነድ 36 ሰው የሞተው ሃይድሮጅን ተሞልቶ ስለነበር ነው። የልደት ኬክ ላይ ሻማ ይበራል። ወንድሜ፣ ተወው፣ ለራስህም ተወው አልኩት። ሳቀብኝ።

የጥር 8ቱ የአየር ፊኛዎች፦ በፓምፕ የተነፉት 86 ሴንቲ፣ በአፍ የተነፉት 84። ልዩነቱ ከጠበቅሁት ያነሰ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ቋጠሮው ልል ስለነበር እሱን አልቆጠርኩትም። ሁሉም ግን ወዛቸው ጠፍቶ እንደ ኮክ ልጣጭ ደብዝዘዋል። ኦክስጅንና ብርሃን ጎማውን ሲበሉት ነው፤ ሂሊየምም ቢኖራቸው ያው ነበር።

ጥር 15

ሐሳቤን ቀየርኩ። አርባ ትንንሽ የሂሊየም ፊኛ ነበር ያሰብኩት፤ ቀረ። ሦስት ትልልቅ ባለ 36 ኢንች፣ እና ለፎቶ አሥራ ሁለት ትንንሽ። የቀረው ሁሉ በአየር።

ፊኛ በእጥፍ ሲሰፋ ቆዳው አራት እጥፍ፣ ሆዱ ግን ስምንት እጥፍ ነው። ትልቁን 80 ሴንቲ አድርጌ ስሞላው 268 ሊትር ያዘ። ከሥሩ የውኃ ጠርሙስ አስሬ ማሙሽ በማንኪያ ውኃ እየጨመረ ሲሞክር፣ ጠርሙሱና ውኃው 165 ግራም ገደማ ሲሆኑ ነው ፊኛው ከምድር መነሳት ያቃተው። ከአንዱ ትንሽ ፊኛ ሃያ ሰባት እጥፍ የሚያህል።

አርቹ፣ የፊኛ ቅስቱ፣ ዛሬ ማታ ተሠራ፤ በአየር ስለሆነ ሌሊቱን ምንም አይሆንም። ፀሐይ የሚያገኘውን በኩል 26 ሴንቲ ብቻ ነፋሁ። የተወጠረ ፊኛ የሸክላ ማሰሮ ይመስል አንገቱ አብጦ ይታያል፤ እንዲያ ከሆነ ለፀሐይ በዝቷል ማለት ነው፣ ትንሽ መልቀቅ ይሻላል። ትልልቆቹም ማታውኑ ኮርኒስ ያዙ። አሥራ ሁለቱ ትንንሾች ነገ ጠዋት።

ጥር 16

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ትንንሾቹን ነፋሁ። እንግዳ 8 ሰዓት ገባ፣ ኬክ 9 ተኩል ተቆረጠ፣ ሁሉም ኮርኒስ ላይ ነበሩ። የመጨረሻው እንግዳ ሲወጣ መሽቶ 3 ሰዓት፤ ያኔም አልወረዱም። ይኸው ነው የሐምሌው በቀል።

አርቹ ላይ ጥቁር አረንጓዴዎቹ ሦስት ፈነዱ፤ ነጮቹ አንድም። ጥቁር ቀለም ፀሐይ እንደሚጠጣ አውቄ ወደ ጥላው በኩል ማዞር ነበረብኝ። ቁርጥራጩን ሮጬ ለቀምኩ። የአንድ ዓመት ልጅ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ነው፤ የተቀደደ ፊኛ ጉሮሮ ላይ ከተለጠፈ በቀላሉ አይወጣም።

የአጎቴ ልጅ ሂሊየም ስቦ ድምፁን ሊያቀጥን ሲሊንደሩ አጠገብ አገኘሁት። ቫልቩን ዘጋሁ። ድምፅ ሂሊየም ውስጥ ከአየር ሦስት እጥፍ ሊጠጋ በሚችል ፍጥነት ስለሚሄድ የጉሮሮና የአፍ ማስተጋቢያው ይቀየራል፤ የድምፅ አውታሩ ግን ያው ነው የሚርገበገበው። ያ ቀልድ ነው። ቀልድ ያልሆነው ሳንባ ውስጥ ሂሊየም ከሞላ ኦክስጅን ቦታ እንደሌለው ነው፤ በቀጥታ ከሲሊንደር ከሆነ ደግሞ ግፊቱ ሳንባ ይቀድዳል። ሲከፋው ጠላ ቀዳሁለት።

ልጆቹ አንድ ፊኛ ወደ ሰማይ እንልቀቅ ብለው ለመኑ። የሚወርድበትን አናውቅም፤ ላም ትበላዋለች አልኳቸው። ላም ያለው ማሙሽ ወዲያው ተስማማ።

ጥር 17

ትንንሾቹ ሁሉም ወለል ላይ። በተተረተረው ምትክ የነፋሁት ፎይል «1» እንደቆመ ነው። የሲሊንደሩ መርፌ 25 ላይ።

ጥር 20

ሁለቱን ትልልቆች እህቴ ወሰደች። ሦስተኛው እናቴ ዘንድ ቀረ። ከልደቱ አራት ቀን በኋላ ዛሬ ከኮርኒሱ ተላቆ ወገብ ላይ ቆሟል፤ አይወጣም አይወርድም። ክብደቱና የሚያነሳው እኩል ሲሆኑ ሰው ሲያልፍ የሚፈጥረው ትንሽ ነፋስ ይበቃዋል። እናቴ ጀበና ይዛ ከኩሽና ወደ ሳሎን ስትሄድ ከኋላዋ ይከተላታል።

«ይሄ ነገር ምን ፈልጎ ነው የሚከታተለኝ?» አለች።

መቀስ አምጥቼ ከሪቦኑ አንድ ክንድ ቆረጥኩለት። ግማሽ ግራም አይሞላም። ትንሽ አመነታና ተመልሶ ወደ ኮርኒሱ ወጣ።